ፊርማው እስኪያልቅ

ዘነበ የአማቱን ሞት የሰማው ፎርድስበርግ ገበያ ውስጥ የልጅ ጫማ እየመረጠ ሳለ ነው። እሱና ሚስቱ ራሄል ፍርድ ቤት ሊቀርቡ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷቸው ነበር።

የደወለው የሚስቱ ወንድም ኃይለማርያም ነው። እማማ ስንዱ ንጋት ላይ አርፈዋል፤ ዛሬውኑ ይቀበራሉ።

"ራሄል እንዳትሰማ" አለው። "አገሯ ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶዋን እናረዳታለን። በሰው አገር ብቻዋን እርሟን አታወጣም።"

ዘነበም ከዚህ ሌላ አላሰበም። ባልና ሚስቱ ከሐዋሳ ጆሃንስበርግ ድረስ የመጡት ፀሎትን ወስደው ሊያሳድጉ ነው። ለሥራ የተሰደዱ እናትና አባቷ እዚሁ የሞቱባት የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ከማሳደጊያው ወጥታ አብራቸው የሰነበተችው ለሙከራ ነው። ጉዳያቸውን የምትከታተለው ሶሻል ወርከር አንድ ቀን እየዘለለች ሜይፌር ሰፈር የተከራዩት ክፍል ትመጣለች፤ ራሄል ልጅቷን ስታበላና ስታጫውት አይታ ትጽፋለች። ከእነሱ በፊት እዚያው ክፍል የተቀመጡ ባልና ሚስት፣ ሚስትየዋ ሐዘን ላይ ናት ተብሎ ጉዳያቸው ለስድስት ወር ተገፍቶ፣ ልጁም ወደ ማሳደጊያው እንደተመለሰ አከራያቸው ሸዋአየሁ ለሁለቱም ነግራቸዋለች።

ዘነበ ሲመለስ ራሄል ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ስልኳን በምን ዘዴ እንደሚደብቅ ሲጨነቅ፣ እሷው አጥፍታ ሰጠችው። እዚህ ከተማ ከእጅ ይነጥቃሉ አሉ፣ እስኪፈረምልን አንተ ዘንድ ይቀመጥ አለችው። ዘነበ ፈጣሪውን አመሰገነ።

በማግስቱ ያን ወገቧ የሚደርስ ፀጉሯን ተቆርጣ ጠበቀችው። ፀሎት እየጎተተች አስቸገረችኝ አለች። የአንገት ሀብሏንም አወለቀች፤ ጆሃንስበርግ ወርቅ አይደረግም አለች። አልጋውንም ለእሱ ትታ ከልጅቷ ጎን መሬት ላይ ትተኛ ጀመር።

ዘነበ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ኋላ ግን ከፋው። ራሄል ስለ እናቷ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ሳትደውልላቸው የማትውል ሴት! ኔትወርክ ጠፋ፣ እማማ ጠበል ሄዱ፣ ብሎ ያሰናዳው ውሸት ሁሉ አፉ ውስጥ ሻገተ። ልጅ ብታገኝ እናቷን ረሳች አለ በሆዱ። እማማ ስንዱ ለእሱም እናት ነበሩ፤ ለፀሎት በእጃቸው ሹራብ ሠርተው፣ ለብሳው ሳላያት አልሞትም ብለው የሸኟቸው እሳቸው ናቸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ዘነበ ሻወሩን ከፍቶ ከውሃው ጋር አልቅሶ ይወጣል።

አንድ ቀን ፀሎት ሸዋአየሁን "ጎጎ" ብላ ጠራቻት። ሸዋአየሁ እየሳቀች በዙሉ አያቴ ማለት ነው ብላ አስረዳቻቸው። ራሄል ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች፤ ቆይታ ባዶ እጇን ተመለሰች። አያት ሲባል እንኳ እናቷ ትዝ አላሏትም ብሎ ዘነበ አዘነባት።

ሶሻል ወርከሯ በመጣች ቁጥር ራሄል እያጨበጨበች ለልጅቷ ትዘፍናለች። በሰባተኛው ቀን ተነስታ እስክስታ ወረደች። ያን ቀን ዘነበ ሚስቱን ጠላት።

የችሎቱ ዕለት ራሄል ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጠላ ደረበች። ጥቁር የልጅ እድፍ አያሳይም አለች። ዳኛዋ ወረቀቱን ፈረሙ። ሶሻል ወርከሯ ደጅ ድረስ ሸኝታ፣ እንዲህ የደስ ደስ ያላት እናት አይቼ አላውቅም ብላ ሳመቻቸውና መኪናዋን አስነሳች። ራሄል መኪናዋ መታጠፊያውን እስክትዞር እጇን እያወዛወዘች ፈገግ እንዳለች ቆየች።

ዘነበ፣ አገር እስክንገባ ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ ሆዴ ይፍጀው እያለ ከጎኗ ቆሟል።

ራሄል ፀሎትን አሳቀፈችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ አዘቅዝቃ ለበሰች።

"በል አሁን መርዶዬን ንገረኝ" አለችው። "ዛሬ የእማዬ አሥራ ሁለት ነው።"