ኩሬው አይደፈንም

ዓዲላ በደረቀው ኩሬ ወለል ላይ ተንበርክካ የከሰል ካውያውን ከፕላስቲኩ ላይ አነሳችው። እራፊው አልተጣበቀም፤ ቀልጦ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተበት። ሙቀቱ በዝቶበታል።

ከኩሬው አፍ ላይ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ሙህዲን አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ከኋላው ሁለት ጎረቤቶች ዶማ ይዘዋል። ሦስቱም የመጡት ኩሬውን ሊደፍኑ ነው።

«ዺሲ፣ ተይው» አለ ሙህዲን። «ውጪና እንድፈነው።»

ዓዲላ ቀና ብላ አላየችውም። ሌላ እራፊ ትቆርጥ ጀመር።

ኩሬውን የቆፈረችው ከባሏ ከአብዶ ጋር ነበር፣ እሱ ከመሞቱ በፊት በነበረው በጋ። ከከሚሴ ግብርና የተሰጣቸው ጥቁር ፕላስቲክ ውፍረቱ ከጥፍር አይበልጥም፤ ተጠቅልሎ በአንድ አህያ ተጭኖ መጣ። ቀጭን በመሆኑ የጉድጓዱን ጎንና ጥግ ተከትሎ እንደ ጨርቅ ተኛ፤ የክረምቱም ውሃ ሳይሰርግ በጋውን ቆየላት። በዚያ ውሃ ሽንኩርት አጠጥታ፣ የማንንም እጅ ሳታይ ልጆቿን አሳደረች።

ቅጥነቱ ግን ጉድም አመጣ። ጥር ላይ የሙህዲን ጥጃ ውሃ ልትጠጣ ገባች። እርጥብ ፕላስቲክ ያሟልጫል፤ የገባ እንስሳ የሚቆናጠጠው የለውም። ጥጃዋ ለመውጣት ስትፍጨረጨር በኮቴዋ ሸረከተችውና እዚያው ሞተች። ውሃው በቀዳዳው ሰርጎ አለቀ፤ ሽንኩርቱም ማሳው ላይ ደረቀ።

ሙህዲን ከዚያ ወዲህ ነገ ሰው ይገባበታል እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ዓዲላም አልካደችውም። ዙሪያውን በእሾህ አጠረች፤ በየመሐሉ የተቋጠረ ገመድ ከኩሬው ዳር ካለው ግራር ግንድ አስራ እስከ ኩሬው ወለል ለቀቀች። እሱ ግን ጉድጓዱ ተደፍኖ መሬቱን እኔ አርሰዋለሁ አለ። እሷም ይህን ስትሰማ ነገሩ የጥጃ ብቻ እንዳልሆነ ገባት።

እራፊውን ጫፍና ጫፉን ይዛ አጠገቧ የተንበረከከችው ጀነት የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ናት። ማስቲሽ እንደማይዘው፣ ይህ ፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚባል ነገር ሁሉ እንደማይቀበል፣ ሁለቱን የሚያዋህዳቸው ሙቀት ብቻ እንደሆነ የነገረቻት እሷ ነበረች። መበየጃው ማሽን ያለው ደሴ ነው፤ ለአንዲት ሴት ኩሬ ብሎ የሚያመጣው አልተገኘም። በካውያ እንሞክረው ያለችው ዓዲላ ናት። ጀነትም ሠርታው እንደማታውቅ አልደበቀቻትም፤ ብቻ እጅጌዋን ሰብስባ አብራት ወረደች።

ከውሃው በላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመው ፕላስቲክ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። ስለዚህ እራፊውን የቆረጡት ከዳር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከኖረው ነው፤ እሱ አሁንም ለስላሳ ነበር። ዓዲላ ከካውያው ፍም ቀነሰች፤ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በእራፊው ላይ አነጠፈች፤ ቢስሚላህ ብላ ተጫነች።

አንድ አካፋ አፈር ከላይ መጥቶ ከእግሯ ሥር ተበተነ። ጠጠሮቹ በፕላስቲኩ ላይ ተንከባለሉ።

ጀነት ልትናገር ብድግ ስትል ዓዲላ ክንዷን ያዘቻት። ካውያውን ሰጥታት አፈሩን ከነጠጠሩ በቀሚሷ ሰበሰበች፤ ገመዱን በአንድ እጇ ይዛ ወጣችና ሙህዲን እግር ሥር ደፋችው። ተመልሳም ወረደች።

ሙህዲን ደግሞ ጣለ። እሷም ደግማ አፍሳ ወጣች። ቀሚሷ ከጭኗ በታች አፈር ለብሷል። ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ ሙሀመድኑር፣ ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሙህዲን እንደገና አካፋውን ሞላ። ዓዲላ አሁን አልወረደችም። ከፊቱ ቆመች።

«የጥጃዋ ነገር እኔንም አሳዝኖኛል» አለችው። «አንቱ ታላቄ ነዎት፣ አልሳደብም። ይህን ኩሬ ግን የሚደፍኑት እኔ ውስጡ ቆሜ ነው።»

ወረደችና ካውያውን ከጀነት ተቀበለች። ከላይ አፈር አልመጣም።

እራፊው ሲበርድ ጠርዙን በጥፍሯ ልትልጠው ሞከረች፤ አልተላጠም። ሁለቱ ሴቶች ያፈስ እንደሆነ ሊያዩ፣ እራፊው ያለበትን ልል የወለል ፕላስቲክ ከአራት በኩል ወደ ላይ ሰብስበው እንደ ስልቻ አደረጉት፤ በጀሪካን ያመጡትን ውሃ አፈሰሱበት። ስልቻው ከበዳቸው፤ ክንዳቸው እስኪዝል ያዙት።

ሙህዲን ገመዱን ይዞ ወረደ። እጁን ከሥር ሰድዶ እራፊው ያለበትን ሁሉ ዳበሰ። አውጥቶ መዳፉን አየው። ደረቅ ነበር፤ እሱ ግን በሽርጡ ጠረገው።

«ክረምት ሲሞላው ነው የሚታየው» አለ።

«ይታያል» አለች ዓዲላ።

ወጣና አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉት። ጀነት ውሃውን በባልዲ ቀድታ ስታወጣ ዓዲላ ፕላስቲኩን መልሳ አነጠፈችው። አልወጠረችውም፤ የተወጠረ ፕላስቲክ ውሃ ሲከብደው ይሰነጠቃል። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ውሃ ሲጫነው ፕላስቲኩን የሚበሳ ጠጠር ከሥሩ ተርፎ እንደሆነ በባዶ እግሯ እየዳሰሰች፣ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ ትራመድ ጀመር።