የማዓሊሙ ጉልበት

ይሁን የታካሚው ካርድ ላይ ያለውን ስም ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ዐብዱልቃድር፣ ከኤረር።

አሥራ ሦስት ዓመት ቂም የያዘበት ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ በእግር ኳስ ሲጋጠሙ፣ ኳሷ ከሄደች በኋላ ጉልበቱን ረግጦ የሰበረው እሱ ነበር። ይሁን ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ድሬዳዋ ያለ አንድ ክለብ በሚቀጥለው ሳምንት ና ብሎት ነበር። ሳይሄድ ቀረ። ዛሬም ሲራመድ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ዐብዱልቃድር ይቅርታ እንኳ ሳይለው ነው ወደ አገሩ የተመለሰው።

አሁን ሰውየው ጢሙን አሳድጎ፣ ልጆች ቁርአን የሚያስቀራ ማዓሊም ሆኗል። ከተማሪዎቹ ጋር ኳስ ሲራገጥ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ይሁን ደግሞ በጅጅጋ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ወላጆቹ ለንግድ የመጡ ደገኞች ቢሆኑም እሱ ጅጅጋ ተወልዶ ስላደገ ሶማሊኛን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ከአዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና የመጣችው ዶክተር እናትአለም አስተርጓሚ ስትፈልግ ማንም አልቀደመውም።

ሰውየው ቀና ብሎ አየውና ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ረስቶኛል» አለ ይሁን በልቡ።

«የተበጠሰውን በሌላ ጅማት እንተካዋለን» አለች ዶክተሯ። «ውጭ አገር ከሞተ ሰው ይወስዳሉ፤ እዚህ ግን እንኳን የሞተ ያለም አይሰጠን» ብላ ሳቀች። ዐብዱልቃድርም ፈገግ አለ። ይሁን ተረጎመለት።

«ስለዚህ ከራሱ ነው የምንወስደው። ከፊት፣ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው ጅማት ጠንካራ ነው፤ ግን ብዙዎቹ ሲንበረከኩ ለዓመታት ያማቸዋል። ከጭኑ ጀርባ ከወሰድን ሩጫው ላይ ትንሽ ይደክማል እንጂ ለመንበርከክ ይሻለዋል። በቀን አምስቴ ለሚሰግድ ሰው እኔ የኋላውን ነው የምመክረው። ምርጫው ግን የራሱ ነው።»

ይሁን ወደ ሰውየው ዞረ።

«የፊቱ ጠንካራ ነው፤ ለሶላትም ይመቻል» አለው በሶማሊኛ። «ሲንበረከኩ የሚያመው የኋላው ነው። ዶክተሯ የፊቱን ምረጥ ትላለች።»

ዐብዱልቃድር ዶክተሯን አየ። ከዚያ ይሁንን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የፊቱን ውሰዱ» አለ።

ዶክተሯ ገረማት። «ሲንበረከክ እንደሚያመው ነግረኸዋል?»

«በደንብ ገብቶታል» አለ ይሁን።

ስድስት ወር አለፈ። ዐብዱልቃድር ለመጨረሻው ክትትል በመጣ ቀን የዙህር ሶላት ሰዓት ደረሰና ምንጣፉን ክፍሉ ጥግ ላይ ዘረጋ። ጉልበቱ መሬት ሲነካ ፊቱ ጭምድድ አለ። ሲነሣም ግድግዳ ይዞ ነው። ይሁን በር ላይ ቆሞ እያንዳንዷን ስግደት ቆጠረ፤ አንጀቱ ራሰ። ሰውየው ሶላቱን እንደጨረሰ ቀረበው።

«ማዓሊም፣ ታውቀኛለህ?» አለው በሶማሊኛ። «ጉልበቱን የሰበርከው ልጅ እኔ ነኝ። ዶክተሯ የመከረችህ የኋላውን ነበር፤ ገልብጬ የነገርኩህ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በሰገድክ ቁጥር አስበኝ!»

ዐብዱልቃድር ምንጣፉን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«ያን ቀን ሁለታችሁንም ሰምቻችኋለሁ» አለው፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «የፊቱን የመረጥኩት በሰገድኩ ቁጥር እንዳስብህ ብዬ ነው።»