የመዝጊያ ዱዓ

«ረሃብ የምትባለዋን ቃል ብቻ አያንሱብኝ፣ ሸህ ዘይኑ» አለ የወረዳው ሹም ጸጋው፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ። «ዱዓ ያድርጉ፣ ያመስግኑ፣ ይቀመጡ። የእርዳታ ስንዴው ዝርዝር ማን ዘንድ እንዳለ ደግሞ አይጠፋዎትም።»

አይጠፋቸውም። ዝርዝሩ ላይ ምራታቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። አራተኛዋ ከይሪያ በመስከረም ተሰርዛለች። ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የእናቷ ጡት ከነጠፈ በኋላ ሃያ ቀን ቆየች። ጸጋው ሪፖርቱ ላይ «ተቅማጥ» ብሎ አሳለፋት። ተቅማጥ እኮ የበላ ሰው በሽታ ነው!

ደሴ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በየሰዉ ፊት ሁለት ሁለት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ ስለ ሁለት አሃዝ እድገት የሚያወራ ጨርቅ ተሰቅሏል። ሸህ ዘይኑን ከሐርቡ በላይ ካለው ቀበሌያቸው ያመጧቸው ለስብሰባው መልክ እንዲሰጡ ነው። ጠዋት አንድ ሸበቶ የውጭ እንግዳ በአስተርጓሚ ሲናገር ግን ያልጠበቁትን ሰሙ። ዝናቡን ያዛባው የሀብታም አገሮች ጭስ ነው፤ በዚያ ጭስ ውስጥ የእናንተ ድርሻ ከምንም አይቆጠርም፤ መከራው ግን እናንተ ላይ ወደቀ፣ አለ።

ደማቸው ፈላ። ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲጠፋ ሰዉን ሜዳ እያወጡ «ያ አላህ፣ በወንጀላችን ነው፣ ማረን» ሲያስብሉ ከርመዋል። ምራታቸውን ሳይቀር፣ ልጇን በቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ «ምን ሠርተሽ ይሆን? ተውበት አድርጊ» ብለው አስለቅሰዋታል። እሷም ምንም ሳትሠራ ተውበት አደረገች።

«አሁን አባታችን በምርቃት ይዘጉልናል» ተባለ።

ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉ። ሹም ፊት መዋሸት ይቻላል፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሹም ሲዋሹ፣ ሹምም ሲዋሻቸው ኖረዋል። ዱዓ ላይ ግን እንዴት ተደርጎ!

«ያ ረቢ፣ እንግዶቻችንን በሰላም አግባልን።»

«አሚን!» አለ አዳራሹ።

«ጭሱን ለሚያጨሱት ልብ ስጥልን።»

«አሚን!»

«ከይሪያን የገደላት ረሃብ ነው። ተቅማጥ ብሎ የጻፈውን እጅ አንተው እየው።»

«አሚን!» አለ አዳራሹ በልማድ። ጸጋውም አብሮ ካለ በኋላ ነው የደነገጠው።

«ምራቴን ያለ ወንጀሏ ወንጀለኛ ያልኳትን እኔን፣ እሷ አፉ ሳትለኝ አትማረኝ።»

ይሄን ጊዜ አሚን የሚል ጠፋ።

እንግዳው «ምን አሉ?» ለማለት ወደ አስተርጓሚው ዘንበል አለ። አስተርጓሚው ጸጋውን አየ።

«አመሰገኑ በለው» አለ ጸጋው። ከዚያ ፈገግታውን ሳያጠፋ ወደ ሸህ ዘይኑ ጆሮ ተመለሰ። «ከነገ ጀምሮ ሌላ ዝርዝር ይፈልጉ።»

አስተርጓሚው እንደተባለው አለ። እንግዳው ዓይኑ እንባ አቅርሮ አጨበጨበ፤ አዳራሹም ተከተለው። ሸህ ዘይኑ ዱዓቸውን ጨርሰው ፊታቸውን ሊያብሱበት ያነሡትን እጅ፣ እንግዳው ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው።