አዲሱ ፍሬን

ልደቱ ከአባቱ የወረሳት ላንድሮቨር በዕድሜ ትበልጠው ነበር። ከደባርቅ ተነሥታ ሊማሊሞን ስትወርድ ፍሬኗ ይግልና ይሸታል፤ ባሌስትራዋም ተሳፋሪውን ከጣሪያ ጋር እያጋጨ ያወርደዋል። ሰው ግን ይሳፈርባት ነበር፤ ሌላ ምን አማራጭ አለው።

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ልደቱ ቆረጠ። ጎንደር ሄዶ ከተገለበጠ ዘመናዊ መኪና ላይ የተፈታ ዲስክ ፍሬን ከነሙሉ ዕቃው ገዛ። አዲስ ባሌስትራና ሾክ አብዞርበርም ጨመረ።

ይህን በአሮጌ መኪና ላይ መግጠም የሚችል በደባርቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ድረስ። ድረስ ደግሞ የልደቱን ሚስት ሠርካለምን ከልደቱ በፊት ሽማግሌ ልኮባት የተከለከለ ሰው ነው።

የልደቱ ታላቅ ወንድም ያርጋል የአምባራስ ገበሬ ነው። ወሬውን ሲሰማ ክላሹን አንግቶ ደባርቅ ከች አለ።

«ሌላ ሰው አጥተህ ነው?» አለው ወንድሙን።

«ያለፈ ነገር እኮ ነው። እሱም አግብቶ ወልዷል።»

«ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።»

ልደቱ ሳቀ። ሲፈጥረው ሰው አማኝ ነበር።

ዕለቱ ዓርብ፣ የወሩ ሚካኤል ነበር። ያርጋል ከድረስ ጋራዥ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የመካኒኩን እጅ ሲጠብቅ አረፈደ። ድረስ አሮጌውን ፍሬን ፈታ፣ አዲሱን ገጠመ፤ ከሞተሩ አጠገብ ነጭ የላስቲክ ዕቃ አሰረና የፍሬን ዘይት ሞላባት።

«ይች ዘይት የውሃ ጠላት ናት» አለ። «ውሃ ከገባባት ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል። ያን ጊዜ ብትረግጠው ባዶ ነው፤ የሚይዝ ነገር የለም።»

ያርጋል ይህን በሆዱ ያዘ። ሰው ካልጠየቁት ስለ መግደያው ለምን ያወራል?

እናታቸው እማማ በለጠች ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ደረሱ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ከሊማሊሞ የወደቀ ሰው ብዙ ቀብረዋልና ለዚያ መንገድ የነበራቸው ፍርሃት ልክ አልነበረውም።

«ይችስ ምንድን ናት?» አሉ፣ ወደ ነጯ ዕቃ እያመለከቱ።

«የፍሬኑ ነፍስ ናት፣ እማማ» አለ ድረስ። «ልጅዎን ከገደል የምትጠብቀው ይች ናት።» ፈገግም አለ። ያርጋል ፈገግታውን አልወደደውም።

ሦስቱ ወንዶች ለምሳ ልደቱ ቤት ሄዱ። እማማ በለጠች በዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱምና መኪናዋ ጥላ ሥር ቀሩ። ሠርካለም ሽሮውን ስታቀርብ ድረስ ቀና ብሎ አላያትም። እሷም አላየችው። ይህ ለያርጋል ከመተያየት የባሰ ነገር ነበር።

ከምሳ በኋላ ድረስ ልደቱን ፍሬኑን እያስረገጠ ከመስመሩ አየር አስወጣ፤ የጎደለውን ሞልቶ ክዳኗን በገዛ እጁ አጠበቀ። ልደቱ ከተማውን ዞሮ ሲመለስ ደስታው ፊቱ ላይ ነበር። «ጣት ታህል ብትነካው ቀጥ ነው» አለ።

በማግሥቱ ገብስ ጭኖ ሊማሊሞን ወረደ፤ አልተመለሰም።

አብሮት የነበረው ጫኝ በሩን ከፍቶ ዘሎ ተረፈ። «ረገጠው፣ ረገጠው፤ እግሩ ወለሉን ነካ» አለ። ስብርባሪውን የመረመረው ባለሙያ ከፍሬኑ መስመር ያገኘው ዘይት ሲሶው ውሃ ነበር።

ፖሊስ ድረስን አሰረ፤ ሲጨምር ያየ ሰው ስለ ታጣ ለቀቀው። ሽማግሌዎች ድረስ በታቦት ይማል ብለው ፈረዱ፤ ድረስም እሺ አለ። እምቢ ያለው ያርጋል ነው። «ውሃ የጨመረ እጅ መስቀል መጨበጥ ምን ይገደዋል?» አለ። ሠርካለምንም ጠጕሯን እንደ ተላጨች ከነሐዘኗ ከባሏ ቤት አስወጣት።

ለእናት የልጇ አሟሟት አይዘረዘርም። ለእማማ በለጠች ድረስ ፍሬኑን እንዳበላሸበት ተነገራቸው፤ ከዚያ ያለፈውን ማንም አልነገራቸውም። እሳቸውም በለቅሶው መካከል ወንድ የወለደች እናት ደም መላሽ እንደማታጣ እያነሱ አለቀሱ። ያርጋል ራሱን ደፍቶ ሰማ።

የአርባው ተዝካር እንዳለፈ፣ በጠዋቱ፣ ጋራዡ ሄደ። ድረስ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ውጣ» አለው።

ድረስ ወጣ። ክላሹን ሲያይ እጁን በጨርቅ መጥረጉን ተወ።

«ማን እንደ ጨመረው እኔም ነጋ ጠባ የማስበው ይህንኑ ነው» አለ። «እኔ ግን አይደለሁም፣ ያርጋል። ሁለት ልጆች አሉኝ።»

«ለወንድሜ አንድም ሳይወለድለት ነው የገደልኸው።»

ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ቆላ ከመውረዱ በፊት እናቱን ሊሰናበት በጓሮ በኩል ገባ። «እናቴ፣ ደሙን መልሻለሁ» አላቸው። እማማ በለጠች ግንባሩን፣ ከዚያም ክላሹን የያዘበትን እጅ ሳሙ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ የያርጋል ልብ የቀለለው ያን ጊዜ ነበር።

«ድረስስ ሰው ነው፤ ሰይጣን አሳሳተው» አሉ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እኔ የታዘብሁት ሚካኤልን ነው። እናንተ ምሳ ስትሄዱ፣ ልጄን ይጠብቅልኝ ብዬ፣ ከዚያች ነጭ ዕቃ ዘይቱን ቀንሼ ከቤተ ክርስቲያኑ ያመጣሁትን ጠበል ሞልቼባት ነበር።»