የተሰረዘው ሰውዬ

መሥሪያ ቤቱ ድርሰት የሚመረመርበት ነው። መርማሪዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ለማንም እንዳያዳሉ ተብሎ የደራሲው ስም ይነሣና ረቂቁ ላይ ቁጥር ብቻ ይለጠፍበታል።

መርማሪው በዚያ ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ያነበበው ለቁጥር ይታክታል፤ የወደደው ግን አንድም የለም። ሥራው ጥፋት መፈለግ ነዋ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» እያለ ይመክራል።

ሰኞ ጠዋት ቁጥር 417 ደረሰው። የፍቅር ታሪክ ነው። አሥረኛው ገጽ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ሴትዮዋ ብርቱካን ስትልጥ ልጣጩን ሳትበጥስ እስከ መጨረሻው ታወርደዋለች። ሲከፋት የግራ ጆሮዋን ጫፍ ታሻሻለች። ትከሻዋ ላይ፣ ባል ብቻ በሚያውቀው ቦታ፣ ማርያም የሳመቻት ምልክት አላት።

የእሱ ሚስት ናት።

ደሙ ፈላ። ወንዱስ ማን ነው? ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ የሚወጣ፣ ከሩቅ በፉጨቱ የሚታወቅ፣ በገዛ ቀልዱ እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ጎረምሳ። ሴትዮዋ የካፖርቱን ቁልፍ በአረንጓዴ ክር ስትተክልለት መርማሪው ጥርሱን ነከሰ። ይሄን ሰላቢ ባገኘው ብሎ ተመኘ።

ሚስቱ ሐሙስ ሐሙስ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። እህትዮዋ ቤቷ ሆና ለሰው ወረቀት ትተይባለች። እስከ ዛሬ ምንም ያልመሰለው ነገር አሁን አንጀቱን ይበላው ጀመር። በየሳምንቱ የማያልቅ ምን ወሬ አለ?

ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ በየፎቁ እያረፈ ወጣ። ሚስቱ ወጥ ቤት ነበረች። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣ ደረቱ ላይ አልገጥም ያለውን የድሮ ካፖርቱን ገፋ አድርጎ ቦርሳዋን በረበረ። መሐረብና ማበጠሪያ ብቻ ነው ያገኘው።

ከራት በኋላ ብርቱካን ስትልጥ እጇን እጇን አየ። ልጣጩ አልተበጠሰም።

«ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የምትውይው?»

«እህቴ ጋ ነዋ። ምነው?» አለችና የግራ ጆሮዋን ጫፍ አሻሸች።

ረቡዕ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣ። ሴትዮዋን አልነካትም። ሰውዬውን ግን ከገባበት እየገባ ለቀመው፤ ፉጨቱን፣ ሳቁን፣ ካፖርቱን። አጠገቡ የሚቀመጠው ባልደረባው አንገቱን አስግጎ አየና፣ አንባቢ ሕፃን ነው ወይ፣ ለራሱ ቢተውለት ምን ይላል ሲል ጠየቀው።

«የሚጠብቀው ያስፈልገዋል» አለ መርማሪው። «ቤት የሚያፈርስ ነገር ዓይናችን እያየ እናሳልፍ?»

የስረዛው ምክንያት በሚሞላበት ቦታ ላይ «የትዳርን ክብር ይነካል» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት። የዚያን ቀን ምሳውን በደንብ በላ።

በሳምንቱ ሐሙስ ሚስቱ ቀድማው ገብታ ጠበቀችው። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር 417 ቀይ በቀይ ሆኖ ተዘርግቷል። መርማሪው የገዛ መስመሮቹን አወቀ። ለካ ውሽማዋ የልፋቱን ፍሬ አምጥቶ ያለቀሰው እሷ ዘንድ ነው።

«ማን ነው?» አለ። «ይሄን የጻፈው ማን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። አንዱን ገጽ ገልጣ በቀይ መስመሮቹ ላይ ጣቷን አሳለፈች።

«እኔ ነኝ፤ ለሃያኛ ዓመት ጋብቻችን ላስደስትህ ብዬ ነበር፤ የመሥሪያ ቤትህ ሰዎች ግን አንተን ብቻ ሰርዘው መለሱልኝ።»