የአናጢዎቹ መርፌ

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። ታላቁ ልኬቱን ጣውላው ላይ በእርሳስ እየጻፈ፣ እየደመረ፣ እየሰረዘ ይቆርጣል፤ እርሳሷ ከጆሮው ላይ አትጠፋም። ታናሹ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ልኬት የሚባል ነገር ጨርሶ አልገባ አለው። በጣቱ ቆጥሮም ይስታል።

አንድ ቀን ለደንበኛ የሠራው በር መቃኑ ውስጥ አልገባ ሲል፣ ታላቁ በሩን በመዶሻ ሰባብሮ አንዱን ስባሪ ወረወረበት።

“አንተ ድንጋይ ራስ! ካንተ ይሄ ጣውላ ይሻላል!”

ታናሹ ቅንድቡ ተተርትሮ ደም በደም ሆነ። “ይቅርታ ጋሼ” አለ። በማግስቱ፣ ጭንቅላት ያበራል የሚባለውን አዲስ መርፌ ለመወጋት ክሊኒክ ሄዶ ተመዘገበ።

በቀጠሮው ዕለት ታላቁ አብሮት ሄደ። ጸጸት ይዞታል፤ ደግሞም ያንኑ የተሰባበረ በር ሲያነሳ ሚስማር ረግጦ ያነክስ ነበር። ነርሷ አካሄዱን አይታ፣ “እርስዎም የቴታነስ መርፌ ያስፈልግዎታል” ብላ ስሙን ከታናሹ ስም ሥር ጻፈች። ሰዉ እንደ ጉድ ይጋፋል። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ሆና “አናጢዎቹ፣ በየተራ ግቡ!” ስትል ተጣራች።

“ቅደም ጋሼ” አለ ታናሹ በሩን ይዞ፣ እንደ ልማዱ።

ሁለቱም ግራ ክንዳቸውን እያሻሹ ወጡ።

ወር ሳይሞላ ሬዲዮው ጉድ አወራ። መርፌውን የተወጋ አንድ ፀጉር አስተካካይ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በምላጭ አረደ። ጎረቤቶቹ እንደተናገሩት፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ያው የሚያውቁት ሰውዬ ነበር። ክሊኒኩ መርፌውን አቆመ። የተወጉት ብልጠታቸውን ሊደብቁ ስለሚችሉ ቤተሰብ ይጠንቀቅ ተባለ።

ታላቁ ሬዲዮውን ዘጋ። ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሚስቱና የሁለት ዓመት ልጁ ይኖራሉ። ልጅቱ ደግሞ ከአጎቷ ትከሻ አትወርድም።

ወንድሙን መከታተል ጀመረ። ታናሹ ዛሬም በጣቱ ይቆጥራል። ዛሬም ይስታል።

“እያስመሰለ ነው” አለ ለሚስቱ።

“ኧረ ተው! ያው እሱ ነው እኮ። ይልቅ አንተ ነህ እንቅልፍ ያጣኸው።”

“ልጄ ናት እኮ! እንዴት ልተኛ?”

ከዚያ ወዲህ ታላቁን የሚያመልጠው ነገር ጠፋ። ከሚስማሩ ካርቶን ሠላሳ አራት ፍሬ መጉደሉን ባንድ እይታ አወቀ። የወንድሙን የመሮ ድምፅ ከመንገዱ ጫጫታ መሀል ለይቶ ይሰማል። እርሳሷ መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሳለች፤ ለእርሳስ ማን ጊዜ አለው? ዓይኑን ወንድሙ ላይ ተክሎ እጁ ዝም ብሎ ይቆርጣል።

ሰኞ ታናሹ ምሳ አልበላም ብሎ ሥራ ቤት ቀረ። ታላቁ ጉርሻውን ሳይውጥ ተመለሰ። ወንድሙ የለም። ከጣውላው ክምር ጀርባ ግን ጆንያ የለበሰ ሣጥን አገኘ። ሜትር አላወጣም፤ በዓይኑ ለካው። ዘጠና አምስት በአርባ ሁለት። የልጁ ቁመት ሰማንያ ስድስት ነው። የሬሣ ሣጥን!

ዞር ሲል ታናሹ መሮ ይዞ ከኋላው ቆሟል።

“አይ ጋሼ፣ ይሄንንማ አሁን ማየት አልነበረብህም” አለው ፈገግ ብሎ።

የታላቁ መዶሻ ትከሻውን ሰበረው። ታናሹ መሮውን ጥሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

“ጋሼ! ምን አጠፋሁ?”

ሁለተኛው ምት ጣቶቹን አደቀቀ፤ ሦስተኛው ግንባሩን። ከወደቀ በኋላም ታላቁ እያለቀሰ መታው። ግድግዳው፣ መላጊያው፣ የገዛ ጥርሱ ሳይቀር ደም ሆነ። ሲጨርስ ያንን ፊት የወለደችው እናት እንኳ አታውቀውም።

ፖሊሶች መጥተው በካቴና አሰሩት።

“ልጄን አዳንኩ” ይላል። “ልጄን አዳንኳት።”

ሚስቱ አልሰማችውም። ከሰጋቱራው ውስጥ ተሸሽገው የነበሩ አራት የአልጋ እግሮች እያወጣች ሣጥኑ አጠገብ ትደረድር ነበር። አንዱ ካንዱ እኩል አይደለም። “ለልጄ አልጋ ነበር የሚሠራላት” አለችና ደረቷን መታች።

ፖሊሶቹ ስለ መርፌው ሰምተው የጠሯት የክሊኒኩ ነርስ መዝገቧን ታቅፋ ደረሰች። የአልጋውን እግሮች አየች፤ ሬሣውን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

“መርፌዎቹን ያዘጋጀሁት በመዝገቡ ተራ ነው” አለች፤ “የወንድምዎ ስም ነበር የሚቀድመው። ያን ቀን ቀድሞ የገባው ማን ነው?”

“እኔ ነኛ!” አለ ታላቁ ቆጣ ብሎ። “ታላቅ እያለ ታናሽ ይቀድማል እንዴ?”