ጠርዙ አይያዝም

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቀጭን ጌታ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሰውነቱ አይደለም፤ ሆዱ ቀበቶውን አልፎ ከወረደ ቆይቷል። ያቀጠነው ሥራው ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚከፈቱባቸውን መስኮቶች መልክ የሚነድፈው እሱ ነው፤ በአዲሱ ንድፉ የመስኮቱን ጠርዝ አንዲት ነጥብ ብቻ አስቀርቶታል። ከፀጉር የማይወፍር መስመር። ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ እየበላ አንድ መስመር ያሰመረ ሰው ከእሱ ሌላ ይኖር እንደሆነ አንዳንዴ ራሱም ይገርመዋል።

ጉጥ፣ እጀታ፣ ማንጠልጠያ የሚባል ነገር ሲያይ ያመዋል። ባለፈው ዓመት ቤቱን ሲያሳድስ ከኩሽና እስከ መኝታ ቤት አንድም እጀታ አላስቀረም። አብራው የምትኖረው እናቱ ቁም ሣጥኗን የምትከፍተው በማንኪያ እየፈለቀቀች ነው። ቤት ተቀምጦ ሲነድፍ ደግሞ ድምፅ አይወድም።

«እማዬ፣ ሐሳቤን አታቋርጪብኝ። የምትፈልጊው ነገር ካለ ጻፊልኝ» ብሏታል።

እሷም እሺ ብላ ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፍለታለች፦ «ሽንኩርት፡ሳሙና፡ክብሪት።»

ሐሙስ ጠርዙ ሥራ አስኪያጇ ፊት ይቀርባል። ካለፈ የክፍሉ ኃላፊ ይሆናል። ከወደቀ የድሮው ወፍራም ጠርዝ ይመለሳል፤ እሱም ስድስት ዓመት ወደተቀመጠበት ወንበር።

ሰኞ ምሳ ዕቃውን ከቦርሳው ሲያወጣ የታጠፈ ወረቀት አብሮ ወጣ።

«መስኮቱ፡ሲያዩት፡ያምራል።ጠርዙ፡ግን፡አይያዝም።»

እንዲህ ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ እየለየ የሚጽፍ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለዚህ ዕድሜ የደረሱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጡረታቸው አንድ ዓመት የቀረው፣ ከጎኑ የሚቀመጡት ፕሮግራመር። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። የድሮውን ወፍራም ጠርዝ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቦርሳው የሚቀመጠውም በሁለቱ ጠረጴዛ መካከል ነው።

«ጋሼ፣ አዲሱን መስኮት እንዴት አገኙት?»

«ቆንጆ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። «እኔ እንኳ ገና አልነካሁትም።»

ነገረኛ ሽማግሌ፣ አለ በሆዱ።

ማክሰኞ ሁለተኛው መጣ። «እጄ፡እንደ፡ድሮው፡አይደለም።ስጎትተው፡ያመልጠኛል።የቀድሞው፡አስቀያሚ፡ነበር፡ግን፡እሺ፡ይለኝ፡ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሥራውን ትቶ የጋሼን እጅ ሲጠብቅ ዋለ። ማውሱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ረቡዕ ጠዋት ቦርሳውን እንደያዘ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ቁልፉንም ኪሱ ከተተ። በምሳ ሰዓት ሲከፍተው ሦስተኛው ወረቀት ምሳ ዕቃው ሥር ተቀምጧል። ሰውየው ቁልፍ አስቀርጸዋል ማለት ነው!

«ያንተ፡ዓይን፡ደስ፡እንዲለው፡የኔ፡ጣት፡መላጥ፡አለበት?»

ማውስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጣት የሚልጠው? ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። ሁሉም ለምሳ እንደወጣ ማውሱን ያዘና የራሱን ጠርዝ ሊጎትት ሞከረ። አመለጠው። ደገመ። አመለጠው። ከሃያ ሙከራ የያዘው አራቱን ነው። ሦስት ወር ሙሉ መስኮት ሲያሰፋና ሲያጠብ የኖረው የኪቦርድ ቁልፍ በመጫን ብቻ እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ አለው። የሠራውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በእጁ ነክቶት አያውቅም። ብቻውን ቁጭ ብሎ ጆሮው ድረስ ቀላ።

መፍትሔው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። መስመሩ እንደቀጠነ ይቀራል፤ ግራና ቀኙ ግን ዓይን የማያየው፣ ማውስ የሚይዘው ስድስት ስድስት ነጥብ ጨመረበት። ለዓይን ክር፣ ለእጅ ገመድ።

ሐሙስ ስብሰባውን የከፈተው ሦስቱን ወረቀት በማንበብ ነው።

«ይህን የጻፉልኝ ሰው እዚሁ አሉ። ስማቸውን አልጠራም» አለና ጋሼን በፍቅር ዓይን አያቸው። ጋሼ ዘወር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ ፈለጉ።

ሥራ አስኪያጇ መስኮቱን በራሷ እጅ ያዘች፣ ሳበች፣ ለቀቀች፣ መልሳ ሳበች። «ተጠቃሚውን የሚሰማ ሰው ነው ስፈልግ የነበረው» አለች። «ከሰኞ ጀምሮ ኃላፊው አንተ ነህ።»

ሲወጡ ጋሼን እኮሪደሩ ላይ አግኝቶ ጥምጥም አለባቸው። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ወረቀቶቹ ሰው አድርገውኛል።»

«የምን ወረቀት?»

«ትሕትናዎ እኮ!»

«ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?» አሉ ጋሼ፣ ግራ ገብቷቸው።

ማታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። የተቃጠለ ሽንኩርት እበሩ ድረስ ይሸታል። ኩሽናው በጭስ ታፍኗል፤ እናቱ እመስኮቱ ሥር ቆማ፣ አንድ ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላ፣ በማንኪያ ጠርዙን ትፈለቅቃለች።

«እማዬ፣ ኃላፊ ሆንኩልሽ!» አለ ገና እበሩ ላይ። «እጁ ያልታዘዘለት አንድ ሰው መስኮቱ አልያዝ ብሎት ሦስት ጊዜ ጻፈልኝ። እኔም ሰማሁት፤ አስተካከልኩለት!»

«አስተካከልከው? እሰይ የኔ ልጅ!» አለች እናቱ እያሳለች። «እኔማ አላየኸውም ብዬ አራተኛ ልጽፍልህ ነበር፤ በል ቶሎ ና ክፈተው፣ ጭሱ ሊገድለኝ ነው።»